የሮክ ክሪክ ጫካ ባለ ረጅም ጭራዋ ተርብ

ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ የምትኖሩ ቤተሰቦች ሮክ ክሪክ ፓርክን ሳታውቁት አትቀሩም። በ1890 የተከለለው ይህ ደን ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ ያልፋል። በሰኔና በሐምሌ ከሄዳችሁ፣ ለምለሙን ብቻ ሳይሆን መድረቅ የጀመሩትን ሜፕልና ቢች ዛፎችም ተመልከቱ። ግንዳቸው ላይ አንድ ጉድ ልታዩ ትችላላችሁ፦ ከራሷ የሚረዝም ጭራ የምትጎትት ትልቅ ተርብ።

ሜጋሪሳ ትባላለች። ልጆች ሲያዩዋት ይጮኻሉ፤ አባት ጫማውን ያወልቃል። እባካችሁ ጫማውን መልሱት። ያ ጭራ ሰው መውጊያ ሳይሆን እንቁላል መጣያዋ ነው፤ በትልቁ ዝርያ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

የምትፈልገው ነገር ያለው እንጨቱ ውስጥ ነው። ትሬሜክስ የምትባል ሌላ በራሪ ነፍሳት በደከመ ዛፍ ውስጥ እንቁላሏን ከፈንገስ ጋር ትጥላለች፤ ፈንገሱ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ትሎቿም እየቦረቦሩ ያድጋሉ። ሜጋሪሳ ቅርፊቱን በአንቴናዋ እየዳበሰች ትሉ ያለበትን ቦታ ታገኛለች። ከዚያ ሆዷን ወደ ላይ ታነሳለች፤ ጭራዋን እንደ ቀስት ታጎብጣለች፤ በሆዷ ጫፍ ያለው ስስ ቆዳ እንደ ፊኛ ይወጠራል። ፀጉር የሚያህለው መርፌ ቀስ እያለ እንጨቱን ሰርስሮ ይገባል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ መርፌዋ ስለተቀረቀረ ወፍ ቢመጣባት እንኳ ቶሎ መብረር አትችልም።

ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ የትሬሜክስን ትል ይበላል፤ ክረምቱንም እዚያው ያሳልፋል። በቀጣዩ ዓመት ሴቷ ቅርፊቱን ቦርቡራ ስትወጣ፣ ቀድመው የወጡት ወንዶች ግንዱ ላይ ተሰብስበው ይጠብቋታል። ሚዜዎች ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ሁሉም ሙሽራ መሆን መፈለጋቸው ነው።

ግቢያችሁ ውስጥ ባለ ዛፍ ላይ ካያችኋት፣ ዛፉን ያደከመችው እሷ አይደለችም። እሷን መግደል ዛፉን አያድነውም፤ መምጣቷ ግን ውስጡ ትል እንዳለ ይጠቁማል። ቅርንጫፉ ቤት ወይም መኪና ላይ ከመውደቁ በፊት የዛፍ ባለሙያ ጥሩ።

ጫካ ውስጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከራሳችሁ በላይ የደረቀ ቅርንጫፍ እንደሌለ እዩ። ከዚያ ስልካችሁን አውጡና ከአንድ ክንድ ርቀት ቅረጿት፤ ሥራዋ ዝግ ያለ ስለሆነ፣ ከኋላ የቀሩት ልጆችም መርፌው ሲገባ ለማየት ይደርሳሉ።