መስኮቱ ወዴት ይዙር?

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየራቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆና በጉምና በብርድ ትከርማለች፤ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትሞቃለች። የምንሠራው ቤት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ጠባብ መስኮት። ታች በቀትር ያፍናል፣ ላይ በክረምት ያንቀጠቅጣል።

ይህ ከልቤ ያሳስበኛል። በተለይ ለኪራይ ተብለው ጓሮ የሚደረደሩት ክፍሎች፤ መስኮታቸው የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በመስኮት ዛፍ የሚያዩ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት በጥቂቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ የሚያይ ሰውስ?

የወሎ ቤት ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ከአቦል እስከ በረካ የሚጫወትበት ቦታ ይፈልጋል። ቄጠማ ጎዝጉዛ ሰው ማስቀመጥ ያልቻለች እናት ብቸኝነት ቢሰማት አይገርመኝም።

ቤት የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ስለ ሴራሚኩ ቀለም ከመጨነቃችሁ በፊት ፀሐይ በየት እንደምትገባ ግንበኛውን አማክሩት። ደሴ ከሆነ መኝታ ቤቱን ወደ ምሥራቅ አዙሩት፤ ኮምቦልቻ ከሆነ ሰፋ ያለ በረንዳ፣ ነፋስ የሚያሳልፉ ትይዩ መስኮቶችና አንድ ጥላ ያለው ዛፍ አይቅሩ።