በማን ስም ተላከ?

ሰው ሥራውን ሁሉ በገዛ እጁ መፈጸም ስለማይቻለው ከፊሉን ለሌላ አደራ ይሰጣል። በዘመናችን አደራ ከሚቀበሉት አንዱ ኮምፒዩተር ነው። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይህን መዝገብ ቅዳ» ተብሎ አንድ ጊዜ ከታዘዘ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ በየሌሊቱ ይፈጽመዋል። እናንተም ወደ ፊት ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ጋር መገናኘታችሁ ስለማይቀር፣ ትእዛዙ ሳይፈጸም ሲቀር ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ በሥራዬ ካየሁት ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ዩኒክስና ሊኑክስ በተባሉት ሥርዓቶች ሰዓት እየጠበቀ ሥራ የሚያስጀምረው ክሮን የተባለው ፕሮግራም ነው። ትእዛዙ በሠንጠረዥ ይጻፋል፤ በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን በተራ ከሰፈሩ በኋላ የሚፈጸመው ሥራ ይከተላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ፣ የእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሠንጠረዡ 2 ተብሎ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ክሮን የሚያነበው አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነበር። በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ሠንጠረዥ እንዲኖረው ተደረገ፤ ፖል ቪክሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውና በብዙ ማሽኖች የተስፋፋው ክሮንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ የተነሣ «መቼ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በማን ስም?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በአንድ ግቢ ዘበኛውና የንብረት ክፍል ኃላፊው በአንድ በር ይገባሉ፤ የያዙት ቁልፍ ግን የተለያየ ነው። በኮምፒዩተርም «ሩት» የተባለው የበላይ ተጠቃሚ ሁሉንም በር ሲከፍት፣ ሌላው የተፈቀደለትን ብቻ ይከፍታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ለየሌሊቱ ሥራ አነስተኛ ሥልጣን ያለው ልዩ ተጠቃሚ ያቋቁማል። ይኸውም ስሕተት ወይም ተንኮል ቢያጋጥም ጉዳቱ እንዳይሰፋ በማሰብ ነው።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት የጡረተኞች የአገልግሎት ማስረጃ በየሌሊቱ ይቀዳ ነበር። ይህ ሥራ ከሩት ወደ አንድ ልዩ ተጠቃሚ ተዛወረ፤ መዛወሩም ተገቢ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጂዎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር ብመለከት፣ ከዝውውሩ ወዲህ የተጨመረ አንድም ቅጂ አልነበረም። የክንውኑን መዝገብ ብከፍት ግን የመጨረሻው መሥመር «ተሳክቷል» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በዚያ መካከል ዲስኩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜውን በአገልግሎት የጨረሰ ሰው ማስረጃውን ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ባልኖረን ነበር።

የሚደንቀው ያው ትእዛዝ በሩት ስም በእጅ ሲጻፍ ያለ እንከን መፈጸሙ ነው። ብዙ ሰው በአንዱ ስም የሠራ በሌላውም ስም ይሠራል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ክሮን ሥራ ሲያስጀምር፣ ሰው ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ የሚዘጋጅለትን ሁኔታ ሁሉ አያዘጋጅም። የፕሮግራሞችን መገኛ የሚያመለክተው «ፓዝ» የተባለው ዝርዝር እጅግ አጭር ይሆናል። ሥራው የሚነሣው ከዚያ ተጠቃሚ መኖሪያ ፎልደር ነው፤ የይለፍ ቃልና ቁልፍም የሚፈለጉት በዚያው ነው። በመካከል ጥያቄ ቢነሣ የሚመልስ ሰው በአጠገቡ የለም።

ስለዚህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይካሄድ። በመጀመሪያ፣ ሥራው በማን ስም እንደሚነሣ ለማወቅ፣ ስሙንና ያለበትን ሁኔታ ሊጽፍበት በሚችለው ቦታ የሚያሰፍር አጭር ትእዛዝ በዚያው ሠንጠረዥ ይጨመር። ሁለተኛ፣ የፕሮግራሞችና የፋይሎች አድራሻ ሳይቆረጥ በሙሉ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የፋይሉ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ወደ ፋይሉ በሚያደርሱት ፎልደሮች ሁሉ የማለፍ ፈቃድ ይመርመር፤ የውስጡ በር ቢከፈትም የውጭው ከተዘጋ መግባት አይቻልምና። አራተኛ፣ ትእዛዙ በዚያው ተጠቃሚ ስም በእጅ ይሞከር።

እኛም አራተኛው ላይ ስንደርስ ምክንያቱ ተገለጠ። የክንውኑ መዝገብ ቀድሞ በሩት ስም የተፈጠረ በመሆኑ፣ አዲሱ ተጠቃሚ እንዲጽፍበት አልተፈቀደለትም ነበር። ትእዛዙ ውጤቱን ወደዚያ ፋይል እንዲያሰፍር ታዝዞ ስለነበረ፣ ፋይሉ አልከፈት ሲል ቅጂው ከነጭራሹ ሳይጀመር ይቀራል። «ተሳክቷል» የሚለውም ቃል ከዝውውሩ በፊት የተጻፈ ነበር። ክሮን ስሕተቱን በየሌሊቱ በደብዳቤ አሳውቋል፤ ደብዳቤው ግን የገባው ማንም በማያነበው በአዲሱ ተጠቃሚ ሣጥን ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት አቋራጭ መንገዶች ይታያሉ፤ አንዱ ሥራውን ወደ ሩት መመለስ፣ ሌላው ፋይሉን ለማንም ክፍት ማድረግ። ሁለቱም ሥራውን ያስኬዳሉ፤ ነገር ግን ሥልጣኑ የተገደበበትን ምክንያት ያፈርሳሉ። እኛ የመዝገቡን ባለቤትነት ለአዲሱ ተጠቃሚ አዛወርን፤ ደብዳቤውም ሰው ወደሚያነበው አድራሻ እንዲደርስ አደረግን። ከዚህም በላይ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ተከፍቶ እንዲነበብ ተወሰነ።

እንግዲህ አደራ ስትሰጡ ሰዓቱን ብቻ በመወሰን አትርኩ። ሥራውን ማን እንደሚፈጽመው፣ የትኛውን ቁልፍ እንደያዘ፣ ሲቸገርም ለማን እንደሚናገር አስቀድማችሁ ወስኑ። መፈጸሙንም ለማረጋገጥ መዝገቡ የሚለውን ሰምታችሁ አትለፉ፤ የሥራውን ፍሬ ራሱን ተመልከቱ።