ጋሼ፣ ይሄ ጄኪዌሪ ነው?

ዛሬ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ስክሪኔን አጎንብሶ አየና "ጋሼ፣ ጄኪዌሪ የሚሉት ይሄ ነው?" አለኝ። በአክብሮት ነው የጠየቀው፤ እሱ ነው የባሰው!

ጄኪዌሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እኮ ብሮውዘሮቹ አይስማሙም ነበር። አንዱ ላይ የሠራው ሌላው ላይ ይበላሻል። ጄኪዌሪ ያስታረቀን ሽማግሌ ነው።

ልጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፎርም ላይ ስህተት ሲኖር መላ ሳጥኑን ቀይ የሚያደርገውን ጃቫስክሪፕቴን አጥፍቶ፣ በሲኤስኤስ ብቻ ሠራው። "ሃዝ" በምትባል ሴሌክተር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ያውቋታል።

"ከየት ተማርካት?"

"ኤምዲኤን ላይ አንብቤ።"

በነጻ ማለት ነው። ሰርተፍኬት የለው፣ ክፍያ የለው።

እኔ ፍሬምወርክ ማሳደድ ሰልችቶኛል። ስንቶቻችን ሌሊቱን አንግላርጄኤስ ስናጠና አነጋን? ድጋፉ በ2022 መግቢያ ላይ ቆመ። ኤችቲኤምኤል ግን ይኸው፤ በ1990ዎቹ የተጻፈ ተራ ገጽ ዛሬም ይከፈታል። ስለዚህ ትንሿ ትርፍ ሰዓቴ ለመሠረቱ ብትውል ይሻላል ባይ ነኝ። (ሪአክት ወዳጆች፣ አትቆጡ። ደመወዝ የሚከፍለው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።)

ችግሩ ሰዓቱ ነው። መሥሪያ ቤት "ራሳችሁን አሻሽሉ" ይላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። ማታ ልጆች እስኪተኙ ጠብቆ ላፕቶፕ መክፈት ደግሞ ዓይን አይፈቅድም።

ከልጁ ጋር ተስማምተናል፦ ከምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ እየቆረስን እሱ ያስተምረኛል፣ ቡናው በእኔ።

እናንተስ ሥራ ላይ ሆናችሁ መቼ ነው የምትማሩት? በሥራ ሰዓት እንድትማሩ የሚፈቅድ አለቃ ያላችሁ ካላችሁ፣ እስቲ እንዴት እንዳሳመናችሁት ጻፉልን።