ሸክምን ስለ ማቅለል፤ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ካሜራ ይዞ መዘዋወር

ሰው ከብዙ ዘመን ሥራ በኋላ ባረፈ ጊዜ ሁለት ነገር በእጁ ይቀራል፤ አንደኛው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሥራው ዘመን «ኋላ እደርስበታለሁ» እያለ ያቆየው ምኞት ነው። ነገር ግን ጊዜው በሚገኝበት ወራት ጉልበቱ እንደ ቀድሞው አይደለምና፣ ምኞቱን ከጉልበቱ ጋራ ያላስማማ ሰው ጊዜውንም ምኞቱንም ያጣል። እኛም ይህን የተማርነው በምንኖርበት በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ካሜራ ተሸክመን ስንዞር ነው። የደረሰብንን ነገር ብንጽፍ ለሌላው ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን።

የሰፈራችን ስም ራሱ ስለ ዕቃ መቅለል የሚናገር ይመስላል። በቀድሞው አነጋገር የነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በአየር የሚያደርስ መሣሪያ ማለት ነበር። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ስም ነው። እንግዲህ ሽቦውን የጣለው ስልክና ጥላው ሰፊ የሆነው ግራር በአንድ ክፍለ ከተማ ስም ተጣምረው ይኖራሉ። በምሥራቅ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደው አውራ ጎዳና አለ፤ በዚሁ ጎዳና መካከል በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በነፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል ያልፋል። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ጎፋና መካኒሳ ይገኛሉ፤ ከዚያም ወዲያ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤቶች በረድፍ ቆመው ይታያሉ። ትንሹ አቃቂ ወንዝም በመካከል አቋርጦ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

የመንግሥት ሠራተኛ በተለመደው ደንብ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። እኛ ግን ወገባችንን ስለ ታመምን ከዚያ አስቀድመን ሥራችንን ተሰናበትን። ከልጅነታችን ጀምሮ ፎቶግራፍ ማንሣት እንወድ ነበርና፣ ካጠራቀምነው ገንዘብ ከፍለን ትልቅ ካሜራ፣ ሁለት ትልልቅ ሌንሶችና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ገዛን። ወገቡን ታሞ ሥራ የተወ ሰው እንዲህ ያለውን ሸክም በትከሻው ማንጠልጠሉ ምን ያህል አለማስተዋል እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልታየንም፤ ትልቅ መሣሪያ ትልቅ ሥራ ያስገኛል የሚል አሳብ ይዞን ነበርና ነው።

መጀመሪያ የሄድነው በኃይሌ ጋርመንት አጠገብ ወዳለው የአትክልት ገበያ ነው። ይህ ገበያ ቀድሞ በፒያሳ አትክልት ተራ የነበረ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ እኛ ክፍለ ከተማ መጣ። ማለዳ የደረሰ ሰው ቲማቲሙ፣ ካሮቱና ጎመኑ በሣጥንና በጆንያ ከጭነት መኪና ሲወርድ ያያል። እኛ ግን ማቆሚያውን ዘርግተን፣ ሌንሱን ለውጠን እስክንዘጋጅ ድረስ ፀሐይዋ ከፍ አለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ለፊትና ለቀለም የሚስማማው ለስላሳ ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይሄዳል። እኛም ላባችንን ስንጠርግ፣ ኩንታል ሽንኩርት በጀርባው ያዘለ አንድ ወጣት ተሸካሚ በአጠገባችን አልፎ፣ «ጋሼ፣ ሻንጣውን ይስጡኝና ላድርስልዎ፤ ከእኔ ሽንኩርት ሳይከብድ አይቀርም» አለን። በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን፤ ነገር ግን ማታ ወገባችን አላስተኛንም።

ከዚያ በኋላ ሻንጣው በቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ለመውጣት ባሰብን ቁጥር ክብደቱ ትዝ እያለን፣ «ዛሬ ይቅር» ማለት ልማድ ሆነብን። በዚህም ወራት ከግንባችን ወዲያ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን፣ በደጃቸው ቡና ሲለቅሙ አይተውን፣ «ልጄ፣ እስቲ አንድ ቀን እኔንም አንሣኝ፤ ለልጆቼ የሚቀር ነገር ይኑር» አሉን። «እሺ እማማ፣ ቅዳሜ ዕቃዬን አውርጄ አነሣዎታለሁ» አልናቸው። ቅዳሜም አለፈ፤ ሌላውም ቅዳሜ አለፈ። ክረምቱ ሳይወጣ እማማ ዐረፉ። ለልቅሶ በድንኳኑ ውስጥ በተቀመጥን ጊዜ ፊት ለፊታችን የተሰቀለው ሥዕል ከመታወቂያቸው ላይ ተወስዶ የጐላው ነበር፤ ብዥ ያለ፣ ፊታቸውም እንደ ደነገጠ ሆኖ የሚታይበት ነበር። እንደዚያ ያለውን ፊት በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ አይተንባቸው አናውቅም። የልጃቸው ልጅ ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያነሡት የለም?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከአርባው ማግሥት ሻንጣውን አውርደን ቡናና ስኳር ወደምንገዛበት ሱቅ ወሰድነውና፣ ባለ ሱቁን አስፈቅደን በሚዛኑ ላይ አኖርነው። ከነማቆሚያው ከ6 ኪሎ አለፈ። «ጋሼ፣ ይህ የሳምንት ስኳር ነው» አለን። ይህ ከሆነ በኋላ ዕቃውን ሸጠን ቀላል መሣሪያ ለመፈለግ ቈረጥን፤ አስቀድመን ግን ሌሎች ሰዎች በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ መረመርን።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚነሣው በመስተዋት ላይ ስለ ነበረ፣ መስተዋቱ መድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ ተነሥቶ ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ከካሜራው ጋራ ጨለማ ድንኳኑ፣ መድኃኒቱና መስተዋቱ ሁሉ አብሮ ይጓዝ ነበር። ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ፣ ከአርመን ወገን የሆኑት ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ቀጥሎም ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው በታወቁበት ዘመን፣ ትልቁ ካሜራ በማቆሚያው ላይ ተተክሎ ይቆይ ነበርና፣ ወደ ካሜራው የሚመጣው ሰውዬው ነበር።

ይህን የለወጠው የአንድ ሰው የጤና ጉድለት ነው። ኦስካር ባርናክ የሚባል፣ በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ በላይትስ ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ፣ አስም ነበረበትና ከባዱን ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አልቻለም። ስለዚህ ለሲኒማ የሚሠራበትን ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወስዶ፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ ሠራ፤ ይህችም በ1925 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይካ ተብላ ለሽያጭ ቀረበች። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ኢጣሊያ አገራችንን ልትወር በተዘጋጀችበት በ1935 እ.ኤ.አ.፣ አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እንዲህ ያለችውን ትንሽ ካሜራ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያን ጊዜ ካነሣቸው ሥዕሎች እጅግ የታወቀው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ብቻ የሚታይበት ነው። በእኛም ዘመን ሠዓሊው ሚካኤል ጸጋዬ የሥዕል ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ሥዕል መሳሉን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ ተሻገረ፤ በመለወጥ ላይ ያለችውን አዲስ አበባንም በካሜራው አስቀረ። ባርናክም ሚካኤልም አካላቸው እምቢ ባላቸው ጊዜ ሥራውን አልተዉም፤ የሚሠሩበትን ዕቃ ለወጡ እንጂ።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ለአብነት ያህል ሁለት ዓይነት መሣሪያ እናመዛዝን። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ውስጡ መስተዋት ያለው ካነን 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪው 890 ግራም ይመዝናል። ባለ ሙያዎች አብረውት ከሚይዟቸው ሌንሶች ባለ 24-70 የሆነው 805 ግራም፣ ባለ 70-200 የሆነው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ 1490 ግራም ነው። ይህ ሲደመር 3185 ግራም ይሆናል። በሌላው ወገን በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ መስተዋት የሌለው ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 4 ከነባትሪው 383 ግራም ነው። ትንሹ ባለ 14-42 ሌንስ 93 ግራም፣ ሩቁን የሚያቀርበው ባለ 40-150 ሌንስ 190 ግራም፣ ለፊት የሚስማማው ባለ 45 ሌንስ 116 ግራም ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ 782 ግራም ነው፤ ይህም ከፊተኛው ሩብ ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

ነገር ግን ክብደቱ ሲቀንስ የሚቀንስ ሌላም ነገር አለ። ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ገጽ በትልቁ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን በትንሹ 17.3 በ13 ነው፤ ስፋቱም ከሩብ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ በማታ በጧፍ ብርሃን ወይም በመሸበት ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲነሣ፣ ትንሹ ካሜራ ሥዕሉን ያሻክረዋል፤ ከሰውዬው ጀርባ ያለውንም እንደ ትልቁ አያደበዝዘውም። ለሰርግና ለሌሊት በዓል እየተከፈለው የሚያነሣ ሰው ትልቁን ቢይዝ ደግ ነው። በቀን ብርሃን ለራሱ ደስታ ለሚያነሣ ጡረተኛ ግን ባለ 20 ሚሊዮን ነጥቡ ትንሽ ካሜራ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል አጥርቶ ያወጣል፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ በየቤታችን ጥቂት ነው።

«በኪሳችን ያለው ስልክ ምን አጐደለ?» የሚል ቢኖር፣ እውነት ነው፤ ከሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው፤ ለእማማም ያን ጊዜ በበቃ ነበር። በእጅ ያለውን ንቀን በቁም ሣጥን ላይ ያለውን መጠበቃችን በደላችንን ያከብደዋል። ካሜራ የሚበልጠው በቀትር ፀሐይ በዓይን ማያው ውስጥ አጥርቶ በማሳየቱና ሩቁን በማቅረቡ ነው።

ለመግዛት ላሰበ ሰው የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድሞ የሚያነሣውን ይወቅ፤ ፊትና ደጃፍ የሚወድ ሰው የወፍ ማንሻ ሌንስ አያሻውም። ሁለተኛ፣ ካሜራውን ከነሌንሱ በአንገቱ አንጠልጥሎ ከሱቁ ደጅ ጥቂት ይመላለስ፤ የእጁ ጣት ቁልፎቹን ያለ ችግር ይንካ፤ እጅግ ያነሰም ዕቃ ለሚንቀጠቀጥ እጅ አይመችምና። ሦስተኛ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ገንዘብ ዋጋ በገበያ መወሰን ከተጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ተወድዷል፤ ስለዚህ ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም። ነገር ግን ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታ እንዳልያዘው፣ ባትሪውና መሙያውም በአገር ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ይመርምር። አራተኛ፣ የቤቱን ሰው ሳያማክር የጡረታ ገንዘቡን አያውጣ።

እኛም አሮጌውን ሸጠን፣ አንድ ትንሽ ካሜራና ሁለት ሌንስ ይዘን እንደ ገና መውጣት ጀመርን። ዛሬ ማለዳ ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ እንኳ ካሜራዋ በትከሻችን ላይ ናት። በአትክልቱ ገበያ ያን ተሸካሚ ወጣት አስፈቅደን ኩንታሉን እንዳዘለ አነሣነው፤ ሥዕሉንም አሳጥበን ሰጠነው። ወደ ለቡ ደግሞ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ምድር ባቡር ወደሚነሣበት ወገን በእግራችን ሄድን፤ ጣቢያውን ግን ያለ ፈቃድ አናነሣም። በመካኒሳ ወንዙን ስንሻገር፣ በጀሞም ልብስ በየሰገነቱ ተሰጥቶ ስናይ፣ መንገድ ሲሰፋና አሮጌ አጥር ሲፈርስ ስናይ ቆመን እናነሣለን፤ በዚህ ዓመት ያለው ደጃፍ በሚመጣው ዓመት ላይኖር ይችላልና።

ሰውን ስናነሣ ግን አስቀድመን እንጠይቃለን። ይህ የጨዋነት ነገር ብቻ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ያቺ የእማማ የልጅ ልጅ ባለፈው የገና ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትና በተነሣ ቀን ሳንጠራ ካሜራችንን ይዘን ሄድን። ሕፃኑን በእናቱ እቅፍ፣ አያቱንም ከአጠገባቸው አድርገን አነሣናቸው፤ በሳምንቱም ሥዕሉን አሳጥበን፣ በጀርባው ስማቸውንና ቀኑን በቀለም ጽፈን ሰጠናቸው። እነርሱም ወስደው እማማ ከተሰቀሉበት አጠገብ ሰቀሉት። አንባቢዎቻችንም በየቤታቸው ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ በሚቀርባቸው መሣሪያ ሁሉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲያነሡ እንለምናለን።