የልጃችን መኪና ፍሬን

የመጋቢ ሚስት ስለ መኪና ፍሬን ምን አገባት ትሉ ይሆናል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። ነገር ግን ፍሬን ቤታችን ገብቶ አባትና ልጅን ሁለት ሳምንት አኮራረፈ፤ እኔንም ከማላውቀው ትምህርት ውስጥ ከተተኝ።

የምንኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው። የበኩር ልጃችን ከትምህርቱ ጎን እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ በ1991 እ.ኤ.አ. የተሠራች ማዝዳ ሚያታ ገዛ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ክብደቷ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ ትንሽ መኪና ናት። አንዳንድ ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት ይወስዳታል። የዋናው መሮጫ ዙሪያ 2 ማይል ነው፤ 10 ኩርባዎች አሉት። እሱ የሚሄድበት ቀን ውድድር አይደለም፤ አስተማሪ ከጎን ተቀምጦ መኪናን በፍጥነት መቆጣጠር የሚያስተምርበት ነው። ይህን ለምዕመናን ሳስረዳ ስንት ጊዜ ምላሴ እንደደረቀ ጌታ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። እራት አቅርቤለት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ተናገረ። በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ታች ወረደ። ደጋግሞ ረገጠ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ በመጨረሻ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። “ነገ ትሸጣታለህ” አለና ወደ ላይ ወጣ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ወጣት ሳለ ለወንጌል ሥራ ወደ ጎጃም ሲሄዱ የተሳፈሩት በአይሱዙ ነበር። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሹፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ ወረደ፤ መካከል ላይ ሲደርሱ ከጎማዎቹ ጢስ ወጣ፣ ፍሬኑም እምቢ አለ። ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር እያፋተገ አቆመው። የዚያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ እስከ ዛሬ በሕልሙ ይመጣበታል።

ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ ባለቤቴ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ለፊት ጎማዎች የሚሆን ትልልቅ ዲስክና ባለ አራት ፒስተን ቀይ ካሊፐር። ዋጋው እናቱን ልናይ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ግማሹን ይበላ ነበር። ውስጤ ተቃጠለ፤ ግን ይህ የእሱ ይቅርታ መጠየቂያ መሆኑ ገባኝና ምላሴን ያዝኩ። ልጁ ወረቀቱን አየና “አባዬ፣ ይሄ ለእሷ አይሆንም” አለ። ባለቤቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ስጦታው እንደተናቀበት ቆጠረው።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደተማርኩት፣ ጥቅስ ከመተርጎሜ በፊት ዙሪያውን ላንብብ አልኩና ልጄን ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት።

“እማዬ፣ በመጨረሻ መኪናን የሚያቆመው ጎማው ነው” ብሎ ጀመረ። አሁን ያለው ፍሬን ጎማው መሽከርከር እስኪያቆም ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ትልቅ ዲስክ ስለገባ በአንድ ርግጫ የመቆሚያው ርቀት አያጥርም። ትልቅ ዲስክ የሚረዳው ሙቀት በመሸከም ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ላይ የሚወርደው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በክብደትም ልክ ይጨምራል። የእኛ ሚኒቫን የእሷን ሁለት እጥፍ ያህል ትመዝናለች። ከፊት ብቻ ኃይለኛ ፍሬን ሲገባ ደግሞ ሚዛኑ ይዛባል፤ የፊት ጎማዎች ቀድመው ይያዛሉ፣ የኋላዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ መቆሚያው እንዲያውም ሊረዝም ይችላል። በዚያ ላይ ያ ዲስክ ባለ 14 ኢንች ቸርኬዋ ውስጥ አይገባም፤ ቸርኬና ጎማ መግዛት ሊከተል ነው። ወጪውን ሳያሰላ ግንብ የጀመረው ሰው ትዝ አለኝ።

“ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነ?” አልኩት።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ፣ ከአቅሙ በላይ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ከወረደ ግን የፈላው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል፣ እግር ወደ ታች ይሄዳል፣ መኪናው ይሄዳል። ልጃችን መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ ዘይቱን ቀይሮ አያውቅም። ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፋ። ለአባቱ ያልነገረው ይህንን ነበር።

የመረጠው እንዲህ ነው። ከ300 ዲግሪ በላይ የሚፈላ አዲስ ዘይት። ያረጁትን የጎማ ቱቦዎች የሚተካ፣ በሽቦ የተሸመነ ቱቦ። ሙቀት የሚችል ሸራ፤ ነገር ግን የለየለት የውድድር ሸራ አይደለም፤ እሱ ካልጋለ በደንብ አይዝም፣ ልጁ ደግሞ በብርድ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚህችው መኪና ነው። ይህ ካልበቃ ብቻ ከ1994 ጀምሮ የወጡት ባለ 1.8 ሊትር ሚያታዎች ዲስክ፣ ከፊትም ከኋላም። የፊቱ 255 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእሷ 235። ከተገጨች መኪና ተፈትቶ ይገኛል፣ ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ውስጥም ይገባል። ለጊዜው የገዛናቸው ሁሉ ተደምረው ባለቤቴ ካመጣው ወረቀት አንድ አምስተኛ አልሞሉም። ቲኬታችንንም ቆረጥን።

ዘይቱን መቀየር ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ዘንድ ሆኖ ማስተንፈሻውን ብሎን ይከፍታል ይዘጋል። ልጄ እኔን ሊያስቀምጠኝ ነበር። “ጉልበቴን አሞኛል፣ አባትህን ጥራ” አልኩት። (ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።)

ከሩቁ ጎማ፣ ከቀኙ ኋላ ጀመሩ። “ርገጥ።” “ረገጥኩ።” “ያዝ… ልቀቅ።” በወር ውስጥ የተነጋገሩት ትልቁ ንግግር ይህ ነበር። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብሎኑ ሳይዘጋ እግሩን አነሣ፤ አየር ገባ፣ እንደገና ጀመሩ። የወጣው ዘይት እንደ ቡና ጠቁሯል። ባለቤቴ ከመኪናው ወርዶ ጠርሙሱን አየና “ይህ ነው?” አለ።

“ይህ ነው። ሳልቀይረው ነው የሄድኩት፣ አባዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ባለቤቴ ጠርሙሱን ይዞ ቆየ። “እኔም ያኔ አባይ በረሃ ሽታው ሲመጣ ሹፌሩን አፍሬ ዝም ብያለሁ” አለ። ይህን በትዳራችን ዘመን ሁሉ ለእኔ አልነገረኝም። ከዚያ ተመልሶ ገባ፣ ወደ ግራው ኋላ ጎማ አለፉ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሦስታችንም ሄድን። ባለቤቴ አጥሩን ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ መጸለዩ ይሁን ዙር መቁጠሩ አላወቅሁም። ልጁ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳያበዛ ቀስ ብሎ ነድቶ፣ አብርዶ ወጣ። ገና መኪናዋን ሳያቆም ባለቤቴ በሰንበት ጫማው እየሮጠ፣ “የእጅ ፍሬኑን እንዳትይዝ! ሸራው የጋለው ዲስክ ላይ ይጣበቃል! በማርሽ አቁማት!” እያለ ይጮህ ነበር።