ለጀማሪ ነጂ መኪና ስለ መግዛት

አባቶቻችን በቅሎ ለመግዛት ወደ ገበያ ሲወጡ የበቅሎዪቱን መልክና የኮርቻዋን ጌጥ ብቻ አይተው ገንዘባቸውን አይቈጥሩም ነበር። አስቀድመው አፏን ከፍተው በጥርሷ ዕድሜዋን ይመረምራሉ፤ ቀጥሎም ኮርቻዋን አንሥተው ጀርባዋ ገጣባ እንዳይኖረው ይመለከታሉ፤ ከዚያም በኋላ ዳገትና ቁልቁለት አስኪደው አካሄዷን ይፈትናሉ። ዛሬ በበቅሎ ፈንታ መኪና ገብቶ ሳለ የገዢው ጥንቃቄ ከአባቶቻችን ጥንቃቄ አንሶ መገኘቱን በራሳችን ቤት በደረሰው ነገር ስለ ተረዳነው፣ ታሪኩን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፣ ይልቁንም ለልጆቻቸው የመጀመሪያ መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ ወላጆች ልናካፍል ወደድን።

ሴት ልጃችን በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል በድንገተኛ ክፍል የምታገለግል ነርስ ናት። አንዳንድ ቀን ሥራዋን የምትፈጽመው ከምሽቱ በ3 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ታክሲ ለማግኘት በጨለማ መንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። እርስዋ እስክትመለስ ድረስ እኛ ወላጆቿ እራታችንን ሳንቀምስ በር በሩን እያየን እንቈይ ነበር። እንግዲህ ትምህርቷን ፈጽማ መንጃ ፈቃድ ባወጣች ጊዜ ዕቁባችንም ስለ ደረሰን፣ ከቈጠብነው ጥቂት ገንዘብ ጋራ ጨምረን አነስተኛ አሮጌ መኪና ልንገዛላት ተስማማን።

በአገራችን አሮጌ መኪና ማለት ርካሽ መኪና ማለት እንዳልሆነ ገበያውን የጐበኘ ሁሉ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ የገባችው ትንሽ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተዛወረች ዋጋዋ ሳይቀንስ ትኖራለች። በኤሌክትሪክ የምትሄደውንም አስበን ነበር፤ ነገር ግን ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋዋ ያለው በባትሪዋ ላይ ስለ ሆነና የባትሪውን ድካም በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ደግሞም የምንኖርበት ግቢ ከሌሎች ቤተ ሰቦች ጋራ የምንጋራው ስለ ሆነ ለኛ አልተመቸም። ስለዚህ በቤንዚን የምትሄድ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ፣ መካኒኩም ሁሉ የሚያውቃት መኪና ፍለጋ ተነሣን።

ከሳምንት በኋላ አንድ ደላላ አንዲት ነጭ መኪና አሳየን። ቀለሟ እንደ መስተዋት ያበራል፤ መቀመጫዎቿ በአዲስ ቆዳ ተለብጠዋል፤ ዋጋዋም ካየናቸው ሁሉ በ120,000 ብር ያነሰ ነበር። «ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል» ባለን ጊዜ ልባችን ተቻኰለ። እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር ዘንድ ከሁለታችን አንዳችን አስቀድሞ ያሰበው የልጃችንን መንገድ ሳይሆን፣ መኪናዋ በግቢው በር ስትገባ ጎረቤቶቻችን የሚሉትን ነበር። የቀብዱ 50,000 ብር በቦርሳ ተይዞ ነበር።

እግዜር ይስጠውና ከመክፈላችን በፊት የሰፈራችንን አሮጌ መካኒክ ለምነን አመጣነው። እርሱም ቀለሟን እንኳ ሳይመለከት ወደ ኋላ ሄዶ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፈተና ምንጣፉን ገልጦ ትርፍ ጎማውን አወጣ። ከዚያም ተንበርክኮ በእጁ እየዳበሰ ቈየ። በወለሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ፣ በቀለም የተሸፈነ የብየዳ ጠባሳ ነበር። ቀና ብሎም «ልጆቼ፣ ይህች አንዲት መኪና አይደለችም፤ ሁለት ናት» አለን። በአደጋ የተሰበረች መኪና የኋላ ክፍሏ ተቈርጦ የሌላ መኪና ክፍል ተበይዶባት ኖሯል። የዛሬ ትንንሽ መኪናዎች ወለላቸው፣ ምሰሶአቸውና ጣራቸው እንደ አንድ አካል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ግጭት በደረሰ ጊዜ የመኪናው ጫፍ ተጨማዶ ኃይሉን ይቀበላል፤ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን እንዲጸና ታስቦ የተሠራ ነው። ያ አካል ተቈርጦ እንደ ነገሩ በተበየደ ጊዜ መልኩ ይመለስ ይሆናል እንጂ ብርታቱ አይመለስም። ገጣባው በምንጣፍ ተሸፍኖ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጃችን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየች። በኋላም «እማዬ፣ አባዬ፣ እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ከመንገድ የሚመጡትን ሰዎች የምቀበል ነኝ። የማታምር መኪና ብነዳ ማንም አይሞትም» አለችን። ከዚያች ቀን ጀምሮ የፍለጋችን ሥርዓት ተለወጠ፤ በመልክ ረገድ የምንችለውን ያህል ልንቀንስ፣ በፍሬን፣ በጎማና በመሪ ረገድ ግን አንዲት ብር ላንቀንስ ቃል ገባን።

ሁለተኛዪቱን መኪና ያገኘናት ጡረታ ከወጡ አንዲት መምህር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 የተሠራች፣ ባለ 1,000 ሲሲ ሞተር ቪትዝ ነበረች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ በግራ በሯ ላይ የተጐዳ ላሜራ አለባት። ባለቤቲቱ ግን ሳንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ የቀኝ የኋላ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ ዘይትም በየሁለት ሳምንቱ ይታይላት፤ ፍሬኗን ካሳደስኩ ዓመት አልፎኛል» ብለው ጉድለቷን ሁሉ ቈጠሩልን፤ የጥገናዋን ወጪ የጻፉበትንም ደብተር አሳዩን። ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ከሚያመሰግን ሻጭ እንደሚሻል ያን ጊዜ አስተዋልን። ይሁን እንጂ ምስጋናቸውን እያቀረብን ምርመራችንን አልተውንም። የመረመርነውም እንደሚከተለው ነው።

ሞተሩ ሳይነሣ ኮፈኑን በእጃችን ዳሰስነው፤ ትኩስ ቢሆን ኖሮ ችግሩ እንዳይታይ አስቀድሞ ተሙቋል ማለት ነበርና። የዘይቱን መለኪያ አውጥተን ተመለከትን፤ ዘይት እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱን ጠበቅን፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ደግሞ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል። የፍሬኑን መርገጫ ረግጠን ያዝነው፤ ከእግር በታች ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፍሬን የሚታመን አይደለም። በገበያችን መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪናዎች ስላሉ መካኒኩ በመሪው ሥር ገብቶ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አየ።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች ማንበብም ከእርሱ ተማርን። 2319 ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ጎማው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት መሠራቱን ያስረዳል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደኅና አይደለም፤ ጎማ ቆሞም ሳለ በዕድሜ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ በክረምት ዝናብ አስፋልቱን አይጨብጥም።

ከዚህ በኋላ አራት ሆነን ተሳፍረን ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት አቀናን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ስለ ሆነች አየሯ የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጕልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ያላትን መኪና ነጂውን ብቻ አስቀምጦ በሜዳ መፈተን ፈተና አይባልም። ዳገቱን ስንወጣ የሙቀት መለኪያውን፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ የጋለው ፍሬን እንደ ቀድሞው መያዙን ተመለከትን። እየተንፈራገጠችም ቢሆን ወጣች፤ ስትወርድም በቀጥታ ቆመች።

የወረቀቱም ነገር ከሞተሩ ነገር አያንስም። የቻሲስና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋራ አስተያየን፤ ዕዳና እገዳ እንዳይኖርባት ከመዝገቧ አጣራን፤ የዓመቱ ቦሎ መከፈሉንም አየን። አንዳንድ ሰው ወጪ ለመቀነስ ሲል ስሙን ሳያዛውር በውክልና ብቻ ይነዳል፤ ነገር ግን ውክልና ባለቤት አያደርግም፤ ውክልና ሰጪው ቢሞት ወይም ቢሽረው ገዢው ከወራሾች ጋራ ሲከራከር ይኖራል። ስለዚህ ገንዘቡንና ስሙን በአንድ ቀን አዛወርን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘውን የሦስተኛ ወገን መድንም ገባን። ይህ መድን ለተጐዳው ለሌላው ሰው እንጂ ለራስ መኪና መጠገኛ አለመሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱ ይገባል።

ያች መኪና ከነጪቱ መኪና ዋጋ የቀነሰች አልነበረችም፤ እንዲያውም በለጠች። ሆኖም ዕቁባችንን ጨርሰን አልከፈልንም፤ አስቀድመን ለጥገና ብለን የለየነው ገንዘብ ነበርና በዚያ አራት አዲስ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የተሰነጠቀውን ቺንጋና የዝናብ መጥረጊያውን ለወጥን። የተጐዳውን በር ግን እንዳለ ተውነው። ገንዘቡን ሁሉ ለግዢው አሟጦ ጎማ መለወጫ የሚያጣ ሰው፣ በቅሎ ገዝቶ ገብስ የሚያጣን ሰው ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ለስድስት ሳምንት ከሁለታችን አንዳችን ከጎኗ እየተቀመጥን አስኬድናት። በመጀመሪያ እሑድ ጧት መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ቀጥሎም በሥራ ሰዓት፣ በመጨረሻም በማታና በዝናብ ሆነ። አንድ ቀን በዳገት ላይ ሞተሩ ጠፍቶባት መኪናዋ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ጀመረች፤ ከኋላ ያሉት ጥሩንባቸውን ይነፋሉ፤ እጇም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላችን ካለው ታክሲ ረዳቱ ዘልሎ ወርዶ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደገፈላትና «አይዞሽ እኅቴ፣ ቀስ ብለሽ» አላት። እኛ ግን በዚያች ሰዓት ለመምከር ከመቻል ይልቅ በፍርሃት ጮኸንባት ነበር። ያን ዕለት ማታ ይቅርታ ጠየቅናት። ጀማሪን የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ የራሱን ድንጋጤ ሊገዛ እንደሚገባው ተማርንበት።

በሰባተኛው ሳምንት ብቻዋን ከሥራ ተመለሰች። በሩ ሲከፈት ሰማን፤ ከዚያም የላሜራ መፋቅ ድምፅ ሰማን። ፊቷ ገርጥቶ ገባችና «አባዬ፣ ከበሩ ምሰሶ ጋራ አጋጨኋት» አለች። ባትሪ ይዘን ወጥተን ብናይ በተጐዳው በር ላይ አንድ ጭረት ተጨምሯል። ሦስታችንም ተያይተን ሳቅን። ያች የምታበራው ነጭ መኪና ሆና ቢሆን ኖሮ አስቀድመን የምናየው የልጃችንን ፊት ሳይሆን ቀለሟን እንደ ነበር እናውቃለን፤ ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ እውነት ግን ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ጀማሪ ነጂ መሳሳቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ የምትገዙለት መኪና ስትጫር የማታስለቅስ፣ ፍሬኗ ሲረገጥ ግን የማታሳፍር ትሁን። ሻጩ ቢያጣድፋችሁ ያን ቀን ሳትገዙ ተመለሱ፤ ምንጣፉንም ሳትገልጡ ቀብድ አትክፈሉ። ለመካኒክ የምትከፍሉት ጥቂት ገንዘብ ከግዢው ሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ያለው ነው። እኛም ዛሬ ልጃችን በምታመሽበት ቀን እራታችንን በሰዓቱ እንበላለን፤ ይሁን እንጂ የዚያችን የአሮጌ መኪና ድምፅ ከግቢው በር እስክንሰማ ድረስ አንተኛም።