ካሜራው ወይስ ድንጋዩ?

ባለፈው ወር ቁስቋም ወጥተን አንድም ፎቶግራፍ ሳናነሣ መመለሳችንን የሰማችሁ ሁሉ «ጓደኛቸው ካሜራውን ጥሎ ሰበረው» ስትሉ ሰንብታችኋል። ወሬው የወጣው ከእኛው ከአራታችን አፍ ስለሆነ አንቀየማችሁም። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር።

ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት የገጠር ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ልጆች ስለ ቅርስ የሚማሩበት ሳምንት ደረሰ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ቁስቋምን በስም እንጂ በዓይን አያውቁትም። ስለዚህ የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ፎቶ አንሥተን፣ ካርቶን ላይ ለጥፈን መርጃ መሣሪያ ልናደርገው አሰብንና ዲጂታል ካሜራ ፈርመን ተዋስን። ጣት የምታህለውን ትንሿን የባትሪ ድንጋይ ሁለት የሚጎርስ፣ አሮጌ ግን ደህና ካሜራ ነው። «ስልክ የላችሁም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ከአምስታችን ደህና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ በዋዜማው ማታ መብራት ጠፋና ስልኩም፣ ቻርጅ የሚደረጉት የካሜራው ድንጋዮችም ባዷቸውን አደሩ። ጠዋት በመንገዳችን ካለ ሱቅ ሁለት ድንጋይ ገዛን። ባለሱቁ «ለምንድነው? ለሬዲዮ ነው?» ቢለን «ኧረ ማንኛውም ይሁን፣ ብቻ ቶሎ ስጠን» አልነው።

ካሜራውን በቦርሳው የያዘው አንዱ ጓደኛችን ነበር። ዳገቱ ላይ እግሩ አዳልጦት በጉልበቱ ተንበረከከ። ቦርሳውን ከፍ አድርጎ እንደያዘው ነግሮናል፤ እኛ ግን ወደፊት ቀድመን ስለነበር አላየንም።

ቁስቋም ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ግድግዳውን መንካቷ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግቢ ነው። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙው ቢወድምም በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ከግንቡ ላይ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለልጆቹ ልናሳያቸው የፈለግነው በተለይ እነዚያን መስቀሎች ነበር። ካሜራው አነጣጠረ፣ ማብሪያው ተጫነ፤ ምንም የለም። ድጋሚ ተጫነ፤ ጭራሽ ዝም።

ያላደረግነው አልነበረም። ድንጋዮቹን አውጥተን መደመርና መቀነሱን አየን፤ ትክክል ነው። በብዙ ካሜራ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫናት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ካሜራው አይነሣም። እሱንም ከፍተን ዘጋን። ካርዱን አወጣን። ድንጋይ የሚነካውን ብረት በላጲስ ጠረግን። በመጨረሻም እንደ አያቶቻችን ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። (ይህ ሲያዩት ቢያስቅም ከንቱ አይደለም፤ ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃው ለጥቂት ጊዜ ያንሰራራል።) ካሜራው ግን ወይ ፍንክች።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ በእጃቸው ይዘው አጠገባችን ቆሙ። «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» «አባባ፣ ሬዲዮዎን ለአንድ አፍታ ያውሱን?» ድንጋዮቻችንን አስገብተው ሲከፍቱት ሬዲዮው ቁስቋምን እስኪያናጋ ጮኸ። ያን ጊዜ ፍርዱን ሰጠን። ድንጋዩ ደህና ነው፤ ስለዚህ የተበላሸው ካሜራው ነው፤ ስለዚህ ጥሎታል። ሁላችንም ወደ ጓደኛችን ዞርን።

«አልጣልኩትም። በእግዜር ስም አልጣልኩትም» አለ። ከዚያ ቦርሳውን ለእኛ ትቶ ብቻውን ቁልቁል ወረደ።

እኛ ግንቡን በእርሳስ ለመንደፍ ሞከርን፤ የበረት አጥር መሰለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር በመጣ ጊዜ እቴጌይቱ እዚሁ ቁስቋም አሳርፈውት እንደነበር በታሪክ ተምረናል። እሱ ከዚያ በፊት በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሽ ሲነድፍ የተጠቀመበት ካሜራ ኦብስኩራ ሌንስ ያለው ጨለማ ሣጥን ነው፤ ድንጋይ አይጠይቅም። ቀናንበት።

በማግስቱ ንብረት ክፍል ስንጠየቅ አራታችን «በጉዞ ላይ ከእጁ ወድቆ ተበላሽቷል» ብለን ፈረምን። ወድቆ ያየ ማንም የለም። ጓደኛችን የካሜራውን ዋጋ ከኪስ ገንዘቡ በየወሩ ሊከፍል ሆነ።

ሦስት ቀን ቆይቶ የፊዚክስ መምህራችን ካሜራውን ላቦራቶሪ ውስጥ አዩት። ድንጋዮቹን በቴስተር ሲለኩ እያንዳንዳቸው 1.4 ቮልት አሳዩ። «አያችሁ ደህና ናቸው!» ለማለት አፋችንን ከፈትን። መምህሩ ግን አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል አገናኙበትና ደግመው ለኩ፤ ቁጥሩ ከ1 ቮልት በታች ወረደ። የገዛነው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ኖሯል። ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፤ እነሱ የሚስቡት ኤሌክትሪክ ጥቂት ነውና። ካሜራ ግን ሌንሱን ገፍቶ መስኮቱን ሲያበራ በአንድ ጊዜ ብዙ ይስባል፤ የዚህ ዓይነቱ ድንጋይ የውስጥ ተቃውሞው ከፍተኛ ስለሆነ ቮልቱ ይወድቅና ካሜራው ሳይነሣ ይቀራል። እኛ ድንጋዩን የፈተነው ቀላል ጥያቄ ጠይቀን ነው። መምህሩ አልካላይን ድንጋይ አስገቡ፤ ካሜራው ጢጥ ብሎ ሌንሱን አወጣ። ልዩነቱ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል፦ የዚንኩ «አር 6»፣ አልካላይኑ «ኤል አር 6» ይላል። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም ካሜራን ያሠራል፤ ሲሳብ አይወድቅምና።

እየሮጥን ንብረት ክፍል ሄድን። ወረቀታችን ይቀደድ ብንል «ፋይል የገባ አይቀደድም፤ ሌላ ጻፉ» ተባልን። ጻፍን፣ ፈረምን፣ ክፍያው ቀረ።

ማታ መኝታ ክፍል ቅጂውን ለጓደኛችን ሰጠነው። አንብቦ አጠፈውና «ይሁን» አለ። ቆየት ብሎ «ወሬው ግን ግቢውን ሞልቶታል። ይህቺ ወረቀት ፋይል ውስጥ ናት። ማን ያነባታል?» አለን።

ይህን ጽሑፍ እዚህ የለጠፍነው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ወደ ቁስቋም እንወጣለን። ካሜራውን እሱ እንዲይዝ ጠይቀነዋል፤ እስካሁን እሺም እምቢም አላለንም።